ጠያቂን የሚያረካ መልስ፦ የሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብ ሕይወት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ በመስጊዳችን ግቢ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣ ነበር። በሽታ አይተላለፍም የሚል ሐዲሥ እያለ ሶፍ ማራራቅ ምን ይባላል? ከአላህ ውሳኔ መሸሽስ አይኾንም ወይ? ጠያቂዎቹ ተንኮለኞች አልነበሩም፤ ዲናቸውን የሚወዱ፣ ነገር ግን ግማሹን ሰምተው ግማሹን ያልሰሙ ሰዎች ነበሩ። ይኸው ጥያቄ ከ650 ዓመታት በፊት በአንደሉስ ምድር፣ ጀናዛ ከየቤቱ ሲወጣ ተጠይቆ መልስ እንደ ተጻፈለት ብዙዎቻችን አናውቅም። መልሱን የጻፉት ሰው ታሪክ በዚህ መጽሔት ውስጥ ቦታ ቢያገኝ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብ በ713 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1313) ከገርናጣ በስተምዕራብ በምትገኘው በሎኻ ከተማ ተወለዱ። የራሳቸው ስም ሙሐመድ፣ የአባታቸው ደግሞ ዐብደላህ ነው። ሊሳኑዲን የማዕረግ ስም ሲሆን ትርጉሙም የዲን አንደበት ማለት ነው። ያደጉት በገርናጣ ሲሆን በዚያም ቁርኣንን፣ ፊቅህንና የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍን ተማሩ፤ ሕክምናን ደግሞ ከየሕያ ኢብን ሁዘይል ዘንድ ቀሰሙ። በዚያ ዘመን የኪታብና የሕክምና ዕውቀት በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1340 ሙስሊሞች በጠሪፋ አቅራቢያ ከካስቲልና ከፖርቱጋል ጦር ጋር በገጠሙት ውጊያ አባታቸውና ታላቅ ወንድማቸው ወደቁ። ከዚህ በኋላ በሱልጣን የሱፍ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነት አገለገሉ፤ አለቃቸውም ታዋቂው ገጣሚና ዋና ጸሐፊ ኢብኑል ጀያብ ነበሩ። ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ስለሚላቸው ሲጽፉ ያነጉ ነበር ይባላል። በዚህም ሳቢያ ባለሁለት ዕድሜ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል።

በ749 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1348) ያ ታላቁ ጣዑን፣ ፈረንጆች ጥቁሩ ሞት የሚሉት፣ በአልመሪያ ወደብ በኩል ወደ አንደሉስ ገባ። በአውሮፓ ብቻ ከሕዝቡ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ እንደ ጨረሰ ይገመታል። ኢብኑል ጀያብም በዚሁ ጣዑን ሞቱ፤ የዋና ጸሐፊነቱ ሥራም ለኢብኑል ኸጢብ ተሰጠ። እንግዲህ በኋላ ስለ ጣዑን የጻፉት ሰው የተቀመጡት ጣዑን ራሱ ባስለቀቀው ወንበር ላይ ነበር ማለት ነው።

ሕዝቡ በዚያን ጊዜ ግራ ተጋብቶ ነበር። አንዳንዱ ከዋክብት ያመጡት ነው ይል ነበር። አንዳንዱ ደግሞ በሽታ ይተላለፋል ብሎ ማመን የጃሂሊያ እምነት ነው፣ የታመመን ሰው መራቅም ዋጋ የለውም ይል ነበር። የአልመሪያው ሐኪምና ሊቅ ኢብን ኻቲማ በከተማቸው ያዩትን በሽታ በጥንቃቄ መዝግበዋል። ወደ በሽተኛ የተጠጋ ሰው ያው በሽታ እንደሚይዘው በዓይናቸው አይተው ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ መተላለፍ አለ የሚለውን ቃል በግልጽ ለመናገር ከበዳቸው። አልፈርድባቸውም። ሰው የሚያየው ነገርና ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ነገር የተጋጩ ሲመስለው ምላሱ ይታሰራል።

ኢብኑል ኸጢብ ግን ተናገሩ። ስለዚህ ጉዳይ የጻፉት አነስተኛ ኪታብ ሙቅኒዐቱ ሳኢል ዐኒል መረዲል ሃኢል ይባላል፤ ስለ አስፈሪው በሽታ ለጠየቀ ሰው የሚያረካ መልስ እንደ ማለት ነው። ከስሙ እንደምንረዳው ጠያቂ አለው። የከበደ የሕክምና ቃል በመደርደር ፋንታ ማንም ሰው በራሱ ሰፈር ሊያየው የሚችለውን ነገር አንድ በአንድ አስቀመጡ። በሽተኛን የቀረበ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ያልቀረበ ይተርፋል። በሽታው በመጀመሪያ በአንድ ቤት ይታይና ወደ ጎረቤት፣ ወደ ዘመድና ወደ ጠያቂ ይሻገራል። የሟች ልብስና ዕቃ ወደ ሌላ ቤት ሲገባ ሞትን ይዞ ይገባል፤ አንዲት የጆሮ ጉትቻ እንኳ ባደረጋት ሰው ላይ ሞትን አምጥታ ቤተሰቡን እንደ ጨረሰች ጽፈዋል። ጤነኛ የነበረ የወደብ ከተማ በሽታ ካለበት አገር ሰው በመርከብ በመጣበት ሰሞን ይታመማል። በአንጻሩ ደግሞ በሰሜን አፍሪካ በረሐ በድንኳን ተለይተው የሚኖሩ ዘላኖች ደኅና ነበሩ። በሴቪል በእስር የተዘጋባቸው ሙስሊም ምርኮኞችም ከተማው ሲያልቅ እነሱ ድነዋል።

ከሁሉም ይበልጥ የማይረሳኝ የሰላው ሰው የኢብን አቢ መድየን ታሪክ ነው። እኚህ ሰው በሽታው እንደሚተላለፍ አምነው ስንቅ ሰበሰቡ፤ ከዚያም ብዙ ቤተሰባቸውን ይዘው በራቸውን በግንብ ደፈኑት። የከተማው ሰው ረገፈ፤ ከእሳቸው ቤት ግን አንድም ነፍስ አልጎደለም። ይህን የመሰለ ታሪክ የሰማች እናት ስለ አየር ብክለት የሚተነትን የሊቃውንት መጽሐፍ ሳያስፈልጋት ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች።

ስለ ሐዲሡ የሰጡት መልስ ብዙ ሰው ያስቆጣ ነበር። በወሬ የመጣ ማስረጃ ዓይንና ተሞክሮ ካረጋገጡት ነገር ጋር ሲጋጭ ሊተረጎም ይገባል አሉ። ላይ ላዩን ለሰማው ሰው ድፍረት ይመስላል። ነገር ግን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መተላለፍ የለም ባሉበት አንደበት የታመመውን ከጤነኛው ጋር እንዳንቀላቅል አዝዘዋል፤ ጣዑን ወዳለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ ብለዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ጣዑን መኖሩን ሰምተው ሰርግ ከምትባል ቦታ ተመልሰዋል። ስለዚህ ብዙ ዑለማዎች ሐዲሡ የሚክደው በሽታ ያለ አላህ ፈቃድ በራሱ ኃይል ይተላለፋል የሚለውን የጃሂሊያ እምነት ነው ብለው አስታርቀውታል። ሁሉም አልተስማሙም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ታላቁ የሐዲሥ ሊቅ ኢብን ሐጀር አል ዐስቀላኒ የገዛ ሴት ልጆቻቸውን በጣዑን አጥተው ስለ በሽታው ሰፊ ኪታብ ቢጽፉም መተላለፉን አልተቀበሉም። ሁለቱንም ረሒመሁማላህ እንላለን።

ኢብኑል ኸጢብ ለሙፍቲዎች አልራሩም። መተላለፍን የሚክድ ፈትዋ ስንቱን ሰው ለሞት እንደ ዳረገ በምሬት ጽፈዋል። ከዚያ ጋር ግን አንድ ነገር መዝግበው አቆይተዋል፤ እኔ በግሌ ከኪታቡ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ከባሕሩ ማዶ በሰሜን አፍሪካ የነበሩ አንዳንድ አላህን የሚፈሩ ሰዎች ቀድሞ የሰጡትን ፈትዋ ትተናል ብለው በጽሑፍ አስመሰከሩ። ሰውን በገዛ እጁ ወደ ጥፋት እንዲገባ ፈቅደናል እንዳይባልባቸው ፈርተው ነበር።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል። በዚያው በ2012 ገና መስጊዱ ሳይዘጋ፣ ከዐስር በኋላ በነበረ ደርስ ላይ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ይህ በሽታ ምን ያደርገዋል ብዬ ተናግሬ ነበር። የጤና ባለሙያ የኾነ አንድ የጀማዓችን ወጣት ሰው እስኪበተን ጠብቆ፣ ኡስታዝ፣ በሽታው የሚመጣው ከእጅ ብቻ አይደለም፣ ከትንፋሽም ነው ብሎ በአደብ አስረዳኝ። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጀማዓ ፊት ተሳስቼ ነበር አልኩ። ደስ የሚል ነገር አልነበረም። ከፊተኛው ሶፍ የነበሩ አንድ አባት ግን ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ሌላውም ተከተላቸው።

ኢብኑል ኸጢብ ሁሉንም አላወቁም። የጣዑን ተሕዋስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1894 በሆንግ ኮንግ ነው፤ ያገኘውም አሌክሳንደር የርሲን ነው። ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቁንጫ መኾኑን ደግሞ ፖል ሉዊ ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1898 አሳየ። ሳንባን የሚይዘው ዓይነት ግን ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይሻገራል። የሟች ልብስ ለምን ገዳይ እንደ ኾነ ኢብኑል ኸጢብ ምክንያቱን ሳያውቁ ልብሱን ተጠንቀቁ ማለታቸው ግን ትክክል ነበር።

የኑሯቸው ማብቂያ መራራ ነው። በሱልጣን ሙሐመድ አምስተኛ ዘመን ዋና ወዚር ኾኑ። እ.ኤ.አ. በ1359 ሱልጣኑ ሲገለበጥ አብረው ተሰደው ሰላ ተቀመጡ። ሱልጣኑ ዙፋኑን ሲያስመልስ እሳቸውም ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ፤ ጠላትም አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1371 ሸሽተው ወደ መግሪብ ተሻገሩ። በገርናጣ ኪታቦቻቸው ተቃጠሉ። የመግሪብ መንግሥት ሲለወጥ ተይዘው በፌዝ ለፍርድ ቀረቡ። ሊከሷቸው ከገርናጣ የመጡት ያሳደጓቸውና ያስተማሯቸው፣ በኋላም በወዚርነት የተተኳቸው ኢብን ዘምረክ ነበሩ። ወዳጃቸው ኢብን ኸልዱን ሊያማልዱ ሞክረው አልተሳካላቸውም። በ776 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1374) በእስር ቤት በሌሊት ታንቀው ተገደሉ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች በሽታ ይተላለፋል በማለታቸው ተገደሉ ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም። የቀረበባቸው ክስ በአብዛኛው ስለ አላህ ፍቅር በጻፉት የተሰውፍ ኪታብ ውስጥ አሉ በተባሉ ቃላት ላይ ነበር፤ ከክሱ በስተጀርባ የነበረው ደግሞ የሥልጣን ቂም ነው። ለእሳቸው ክብር ብለን እንኳ ያልኾነውን ኾነ ማለት አይገባንም።

ከተቀበሩ በኋላ ሬሳቸው ወጥቶ በእሳት ተለብልቦ ተገኘ፤ እንደገናም ፌዝ ውስጥ ባብ መሕሩቅ በሚባለው በር አጠገብ ተቀበሩ። የጣዑኑ ኪታብ ግን ከእሳቱ ተርፏል። በእጅ የተጻፈ ቅጂው በማድሪድ አቅራቢያ በኤስኮሪያል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1863 በጀርመን አገር ታትሞ ዓለም አነበበው።