ፒዬር ፎሻር፦ የጥርስ ሕክምና አባት

ጥርስ የሚበላ ትል አለ ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። እኔም ባደግሁበት በአምበር ስሰማው የኖርሁት ነገር ነው። ትሉ እንዲወጣለት የአስተናግር ፍሬ ጭስ የሚታጠን ሰው በአገራችን አይጠፋም። አውሮፓም ቢሆን ከዚህ እምነት ነፃ አልነበረችም። እምነቱን መርምረው ከተቃወሙት ሐኪሞች አንዱ ፈረንሳዊው ፒዬር ፎሻር ነው።

ፎሻር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1678 ገደማ ነው። በ15 ዓመቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ፖትለሬ ከተባለ ሐኪም ሥር ተማረ። መርከበኞቹ አትክልትና ፍራፍሬ ስለማያገኙ ድዳቸው ይደማል፣ ጥርሳቸውም ይረግፋል፤ ስለዚህ የሚማርበት በሽተኛ አላጣም። ኋላ በአንዤ ከተማ ሠርቶ ፓሪስ ገባ።

በዚያ ዘመን ጥርስ መንቀል የገበያ ላይ ትርዒት ነበር። ባለሙያውም ዕውቀቱን ይደብቃል። ፎሻር ግን የሚያውቀውን ሁሉ ጻፈው። ረቂቁን በ1723 ጨርሶ ለሌሎች ሐኪሞች እያሳየ ካሳረመ በኋላ በ1728 በ2 ቅጽ አሳተመው። ለእኛ ለነገዎቹ መምህራን ከሁሉ የሚበልጠው ይኸ ይመስለኛል።

የበሰበሰ ጥርስ በማጉያ መሣሪያ አገላብጦ ቢያይ ትል የሚባል ነገር አጣ። ጣፋጭ ነገር ጥርስን እንደሚጎዳም ጻፈ። በሽንት መጉመጥመጥንም መክሯል፤ እሱን እንኳ እንለፈው!

የተጣመመ ጥርስ ሲገጥመው ስስ የብር ወይም የወርቅ ዝርግ በጥርሶቹ ላይ አስደግፎ በክር ያስረዋል። ክሩ ጥርሱን ቀስ በቀስ ይስበዋል። ጥርስ እንደ ሚስማር ደርቆ የተተከለ አይደለም፤ ለስላሳ ግፊት ሳያቋርጥ ካረፈበት ፊት ለፊቱ ያለው አጥንት ይሟሟል፣ ከኋላው አዲስ አጥንት ይሞላል። ዛሬ በሽቦ ጥርስ የሚያቀኑ ሐኪሞችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ፎሻር በ1761 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። የትሉ ወሬ ግን እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ግግ ነው ተብሎ ድዱ በስለት ይፈለፈላል። ነጩ ነገር ሲወጣ፣ ይኸው ትሉ ይባላል። እሱ ግን ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ተቅማጡ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ያለው ጤና ጣቢያ ነው። በቁስሉ ደም ፈሶ ወይም ቁስሉ መርዞ ሕፃኑ ሊሞት ይችላል። ከዳነም፣ ስለቱ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ነክቶት ከሆነ፣ ልጁ 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ሲደርስ ክራንቻው ጠሞ ይወጣል፤ አለዚያም ጭራሽ ይቀራል።