ዐፄ ገላውዴዎስና ለፈረንጆቹ የሰጡት የሃይማኖት መልስ

የማኅበራችንን ዐሥረኛ ዓመት ስናከብር ከአገራችን ነገሥታት የአንዱን ታሪክ ለማቅረብ አስበን ዐፄ ገላውዴዎስን መርጠናል። በኦቤትስና በኮሎምበስ ዙሪያ የምንኖር አባላት ኦርቶዶክስም፣ ካቶሊክም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ሙስሊምም ነን። ድግስ በመጣ ቁጥር ስለ ሥጋው ዓይነት፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ስለ ቅዳሜና እሑድ እንከራከራለን። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ያንኑ አንድ መጽሐፍ ገልጠን ሁለት ነገር እናነባለን። ክርክሩ አሜሪካ ከመጣን ወዲህ የተጀመረ የሚመስለው ካለ የሚከተለውን ይመልከትልን። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ገላውዴዎስ የዐፄ ልብነ ድንግልና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው። በ1540 አባታቸው ሲያርፉ ዘውዱን የተረከቡት ገና በ18 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው አገር በኢማም አሕመድ እጅ ነበር። በ1541 በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በምጽዋ በኩል ገቡ። መሪያቸው በ1542 ተገደሉ፤ የተረፉት ግን ከንጉሡ ጦር ጋር ተደባልቀው በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፤ ኢማሙም በዚያ ወደቁ።

ወዳጅነቱ ታዲያ ጥያቄ አስከተለ። ፖርቱጋሎቹ ንጉሡ ለሮም ፓፓ እንዲታዘዙ ፈለጉ። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪጌስ የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህን መጥተው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስሕተት ነው ያሉትን ጽፈው ለንጉሡ ሰጡ። ቅዳሜን ማክበር፣ መገረዝ፣ የእሪያ ሥጋ አለመብላት በምዕራባውያኑ ዓይን ይሁዲነት ነበር። ጳውሎስ ለገላትያና ለቆላስይስ ሰዎች የጻፈውን ይዘው፣ ያ ሥርዐት በክርስቶስ አልፏል ይሉ ነበር። የእኛዎቹ ደግሞ ጌታ ሕግን ሊሽር እንዳልመጣ የሚናገረውን የማቴዎስን 5ኛ ምዕራፍ ይጠቅሳሉ። ስለ ቅዳሜ በአገር ውስጥም ብዙ ተጣልተንበታል፤ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜን ያከበሩ ሆነው ከአገር ወጥተው በአርመን አረፉ፤ ሁለቱም ቀኖች እንዲከበሩ የተወሰነው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው።

ንጉሡ ጁን 23 ቀን 1555 በዳሞት ሳሉ በግእዝ መልስ ጻፉ። አጭር ናት፤ ስድብም የለባትም። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ እሳት ባለማንደድና ከቤት ወደ ቤት ባለመሄድ አይደለም፤ በዲድስቅልያ እንደታዘዝነው ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናደርግበታለን አሉ። ግዝረትንም የአገር ልማድ ነው ብለው፣ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት ከመብጣት፣ በሕንድ ጆሮ ከመበሳት ጋር አመሳሰሉት፤ መገረዝ እንደማያጸድቅ የሚናገረውን ጳውሎስንም ራሳቸው ጠቀሱ። ስለ እሪያ የበላውን አንጸየፍም፣ ያልበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ሲሉ ምስክራቸው ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከው መልእክት ነበር። ሮድሪጌስ የመጡበትን ጳውሎስን ወስደው መልሰው ሰጧቸው ማለት ነው!

ልማድ ነው ማለታቸው ለፈረንጆቹ ነገሩን ለማለዘብ አይደለምን? የሚል ይኖራል። እኛም ጥቂት ማለዘብ ያለበት ይመስለናል፤ በባላገሩ ዘንድ ግዝረትም ሆነ እሪያ አለመብላት ከፊት መብጣት ጋር የሚወዳደር ቀላል ነገር እንዳልነበረ ማንም ያውቃል። በቅዳሜ ላይ ግን አንዳች አላፈገፈጉም። የሚከበርበትን ምክንያት አስረዱ እንጂ እንተወዋለን አላሉም። ይህንንም ያደረጉት ወታደሮቻቸው ባዋጡላቸው ወዳጆች ፊት ነው።

በ1557 ኤጲስ ቆጶስ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ መጥተው ክርክሩን ቀጠሉ። ንጉሡ አዳመጡ፣ ተከራከሩ፣ ለሮም መታዘዝን ግን እምቢ አሉ። በማርች 1559፣ በሰሙነ ሕማማት፣ የሐረሩን ኢሚር ኑርን ሲወጉ በጦር ሜዳ ሞቱ።

ያቺን መልስ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከግእዙ ጋር ወደ ላቲን ተርጉመው አሳተሟት። በዚያው ክፍለ ዘመን በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብለው ቅዳሜ እንዳይከበር አዘዙ። አገሩም በዓመፅ ተነሣ፤ በ1632 አዋጃቸውን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።