ከዋልታው በረዶ እስከ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች፦ የሚኻይል ቡዲኮ ሕይወትና ሥራ

መግቢያ

የሰሜን ዋልታን የባሕር በረዶ በሰው ሠራሽ ዘዴ መመለስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከአዳማና ከአካባቢዋ ኑሮ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ አዳማ የምትጠጣው የአዋሽ ውኃ፣ የወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ የቆቃ ግድብ፣ የመቂና የባቱ የመስኖ አትክልት ሁሉ በዋናነት የተመሠረቱት በክረምቱ ዝናብ ላይ ነው። ይህን ዝናብ የሚያመጣው የሐሩር ክልል የዝናብ መቀነት ደግሞ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ የሚያዘነብለው በሁለቱ የምድር ንፍቀ ክበቦች መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ተከትሎ ነው። በመሆኑም በዋልታው ላይ የሚደረግ ጣልቃ ገብነት በስምጥ ሸለቆው ላይ ሊያስከትል የሚችለው መዘዝ በቁም ነገር ሊመረመር ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ የሚያገለግሉ ሁለት መሠረታዊ መሣሪያዎችን፣ ማለትም የዝናብና የትነት ሚዛን ቀመርንና የበረዶና የብርሃን ግብረ መልስ ስሌትን ካበረከቱት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ሶቪየታዊው የአየር ንብረት ተመራማሪ ሚኻይል ኢቫኖቪች ቡዲኮ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና የሙቀት ሚዛን

ቡዲኮ በጥር ወር 1920 በቤላሩስ በጎሜል ከተማ ተወለዱ። በ1942 ከሌኒንግራድ ፖሊቴክኒክ ተቋም በፊዚክስ ተመርቀው በሌኒንግራዱ ዋና የጂኦፊዚክስ ምልከታ ተቋም በተመራማሪነት ሥራ ጀመሩ። በ1951 የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ በ1954 ገና በሠላሳ አራት ዓመታቸው የዚሁ ተቋም ዳይሬክተር ሆነው እስከ 1972 ድረስ መሩት።

በዚያን ዘመን የአየር ንብረት ጥናት በአብዛኛው የመመዝገብና የማመዛዘን ሥራ ነበር። የጣቢያዎች ሙቀትና ዝናብ ይሰበሰባል፤ አማካዩ ይሰላል፤ አገሮችም በዚያ መሠረት በየምድባቸው ይከፈላሉ። ቡዲኮ ጥያቄውን ለወጡት። ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ምን ያህል ነው? ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል? ምን ያህሉ ውኃ በማትነን፣ ምን ያህሉስ አየሩን በማሞቅ ላይ ይውላል? እንደ ነጋዴ መዝገብ ገቢውና ወጪው መመጣጠን ነበረበት። በዚህ መንገድ የተዘጋጀው የምድር ገጽ የሙቀት ሚዛን መጽሐፋቸው በ1956 ታትሞ፣ በ1958 በአሜሪካ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በዚያው ዓመት የሌኒን ሽልማትን ተቀበሉ። በ1963 ደግሞ በእርሳቸው መሪነት የተዘጋጀው የዓለም የሙቀት ሚዛን አትላስ ወጣ።

የትነት ቀመሩ በስምጥ ሸለቆው ዓይን

ከዚህ ሥራ የወጣውና ዛሬ የውኃ ተመራማሪዎች በስማቸው የሚጠሩት የቡዲኮ ኩርባ መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ተፋሰስ የረጅም ጊዜ ትነት በሁለት ወሰኖች የተገታ ነው፦ በሚዘንበው ውኃና ውኃውን ለማትነን በሚገኘው የፀሐይ ኃይል። የትነት አቅሙ ለዝናቡ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የአካባቢውን ድርቀት ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ከዝናቡ ወደ ወንዝ የሚተርፈው እየመነመነ ይሄዳል።

የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ለዚህ ቀመር ጉልህ ምሳሌ ነው። በሸለቆው ወለል፣ በባቱና በቡልቡላ አካባቢ፣ በዓመት ከሐይቆቹ ገጽ የሚተነው ውኃ ከሚዘንበው ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የዝዋይ ሐይቅ የሚኖረው በራሱ ሰማይ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ደጋ የሚወርደው የካታር ወንዝ ያኖሩታል። ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይፈስሳል። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ በመሆኑ የላይኛው መዝገብ ጉድለት ሁሉ በእርሱ ላይ ይታያል። ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት የሚቀዳው ውኃ ሲጨመርበት ዳርቻው ምን ያህል እንደሸሸ ለአካባቢው ነዋሪ የተሰወረ አይደለም።

ቀመሩ የሚያስተምረው ሌላ ቁም ነገር አለ። ዝናብ በአሥር በመቶ ቢቀንስ የወንዝ ፍሰት ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ ትነት ድርሻውን አስቀድሞ ይወስዳልና። ስለዚህ በአየር ንብረት ሞዴል ላይ አነስተኛ የሚመስል የክረምት ዝናብ ለውጥ በቆቃና በዝዋይ ላይ አነስተኛ ሆኖ አይቀርም።

በረዶን ከማጥፋት በረዶን ወደ መጠበቅ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት የአርክቲክን በረዶ ማስወገድ እንደ ልማት ዕቅድ ይታሰብ ነበር። መሐንዲሱ ፒዮትር ቦሪሶቭ የቤሪንግን ወሽመጥ በግድብ ዘግቶ ሞቃት የአትላንቲክ ውኃ ወደ ዋልታው እንዲገባ የማድረግ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ቡዲኮም ስሌታቸውን በዚህ ጥያቄ ላይ አዋሉት። ያገኙት መልስ በረዶው ምን ያህል ስስ ሚዛን ላይ እንደቆመ አመለከታቸው፤ አንዴ ቢወገድ ባሕሩ የሚውጠው ሙቀት ዳግም እንዳይረጋ ሊያደርገው ይችላል።

ምክንያቱ የብርሃን አንጸባራቂነት ነው። በጥቅጥቅ አመዳይ የተሸፈነ የባሕር በረዶ የሚያርፍበትን የፀሐይ ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ክፍት ባሕር ግን ከአሥር በመቶ ያነሰውን ብቻ መልሶ ቀሪውን ይውጣል። በረዶ ሲቀንስ ምድር ትሞቃለች፤ ስትሞቅም በረዶው ይበልጥ ይቀንሳል። ቡዲኮ ይህን ግብረ መልስ በ1969 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ በቀመር አስቀመጡት። በስሌታቸው መሠረት የፀሐይ ኃይል በ1.6 በመቶ ገደማ ቢቀንስ በረዶው ከዋልታ ተነሥቶ እስከ ምድር ወገብ ሊደርስ ይችላል። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስም በዚያው ዓመት ለብቻቸው ተመሳሳይ ውጤት አቀረቡ።

ከዚህ በኋላ የቡዲኮ ሐሳብ አቅጣጫውን ለወጠ። በ1972 ከነዳጅ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ምድር እንደምትሞቅና የአርክቲክ የብዙ ዓመት በረዶ በ2050 አካባቢ ሊጠፋ እንደሚችል ተነበዩ። በ1974 ደግሞ መፍትሔ የሚሆን ሐሳብ አቀረቡ፦ እሳተ ገሞራዎች እንደሚያደርጉት፣ አውሮፕላኖች በስትራቶስፌር የታችኛው ክፍል ድኝ ቢያቃጥሉ የሚፈጠረው ጉም ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን መልሶ ምድርን ሊያቀዘቅዝ ይችላል። ዛሬ የፀሐይ ጂኦኢንጂነሪንግ ተብሎ የሚታወቀው ዘርፍ ከመነሻዎቹ አንዱ ይህ ነው። ነገር ግን ቡዲኮ ቀላል ቀመሮች በየአገሩ የሚከተለውን የአየር ጠባይ ለውጥ ሁሉ ሊተነብዩ እንደማይችሉ፣ ስለዚህም ሐሳቡን በችኮላ ወደ ሥራ ማዋል እንደማይገባ አስጠንቅቀው ነበር።

የመጨረሻ ዘመንና ውርስ

ቡዲኮ ከ1975 ጀምሮ በዚያችው ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ሃይድሮሎጂ ተቋም የአየር ንብረት ለውጥ ጥናት ክፍልን መሩ። የኒውክሌር ጦርነት በአየር ንብረት ላይ ስለሚያስከትለው ጥፋት ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ጻፉ። በ1998 በጃፓን የሚሰጠውን የብሉ ፕላኔት ሽልማት ተቀበሉ፤ በታኅሣሥ ወር 2001 በ81 ዓመታቸው አረፉ።

የድኙን ሐሳብ በ2006 እንደ አዲስ ለውይይት ያበቁት የኖቤል ተሸላሚው ፖል ክሩትሰን ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የሞዴል ጥናቶች የቡዲኮን ሥጋት አጠናክረዋል። በ2008 አላን ሮቦክና ባልደረቦቻቸው ድኝ በአርክቲክ ላይ ብቻ ቢረጭ እንኳ የእስያና የአፍሪካ የበጋ ወራት ዝናም ሊዳከም እንደሚችል አሳዩ፤ የእነዚያ አገሮች የበጋ ወራት ለኢትዮጵያ ክረምት ናቸው። በ2013 ጂም ሄይውድና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት ደግሞ ከ1900 እስከ 2010 በሳህል ከታዩት አራት እጅግ ደረቅ የዝናብ ወቅቶች ሦስቱን የቀደሟቸው በሰሜን ንፍቀ ክበብ የፈነዱ ታላላቅ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብቻውን ሲቀዘቅዝ የዝናቡ መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል።

ከእነዚህ ፍንዳታዎች አንዱ በ1982 የተከሰተው የሜክሲኮው ኤል ቺቾን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ የደረሰው ድርቅ የ77ቱ ተብሎ ይታወሳል። ይህ ማለት ግን ረሃቡን ያመጣው እሳተ ገሞራው ነው ማለት አይደለም፤ በዝናቡ እጥረት ላይ ጦርነትና የመንግሥት ፖሊሲም ተደራርበዋል። የውቅያኖሶች ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ሳህልና ስምጥ ሸለቆውም አንድ ዓይነት የዝናብ ሥርዓት የላቸውም፤ ሸለቆው የበልግ ዝናብም አለውና። ሆኖም አደጋው ከግምት ሊወጣ የሚችል አይደለም።

ማጠቃለያ

ድኝ ከመርጨት ውጭ የባሕር ውኃን በክረምት እየቀዱ በበረዶው ላይ በማፍሰስ የማወፈር ሐሳብም አለ። ይህኛው በሚሠራበት ቦታ የተወሰነ ቢመስልም፣ የአርክቲክን ሰፊ ክፍል እስኪሸፍን ቢስፋፋ በግብረ መልሱ በኩል የሰሜኑን ሙቀት ስለሚነካ ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም። በሌላ በኩል በረዶው ሲጠፋ ዝም ብሎ መመልከትም በዝናቡ ላይ የራሱ መዘዝ ያለው ምርጫ ነው። የሁለቱ አማራጮች ጉዳትና ጥቅም በአውሮፓና በአሜሪካ ሞዴሎች ብቻ ሊመዘን አይገባም። የአዋሽ፣ የመቂና የካታር የወንዝ ፍሰት ልኬቶች፣ የአዳማና የባቱ ጣቢያዎች የዝናብ መዛግብት ከእነዚህ ሞዴሎች ጋር ተገናኝተው ሲመረመሩ፣ ስለ ዋልታው በረዶ በሚደረገው ድርድር ኢትዮጵያ የራሷን ቁጥር ይዛ ለመቅረብ ትችላለች። ቡዲኮ የዋልታውን በረዶና የወንዞቹን ውኃ በአንድ የኃይል መዝገብ መዝነዋል፤ በዚያ መዝገብ የስምጥ ሸለቆውን ገጽ የመሙላቱ ሥራ ግን የአገሪቱን ተመራማሪዎች ይጠብቃል።