ደጅ በተዘጋ ጊዜ የሚሠራ ተስፋ፦ የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወትና የትርጉም ሥራ

መግቢያ

በክርስትና አስተምህሮ ተስፋ ከምኞት ይለያል። ምኞት የፈለገውን ባጣ ጊዜ ይደክማል፤ ተስፋ ግን ገና ያላየውን በትዕግሥት ይጠብቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን በላከው መልእክት መከራን፣ ትዕግሥትን፣ ፈተናንና ተስፋን በቅደም ተከተል ያያያዛቸው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ አማኝ ዓለማዊ መከራን በእምነት ድል ነሣ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ዘወትር ግልጽ አይደለም። ድሉ መከራው መወገዱ ነው ወይስ መከራው ሳይወገድ የሚገኝ ሌላ ነገር?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት መመርመር ነው። ስለ እርሳቸው በሚተረከው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ጎልተው የሚታዩት መነሻውና መድረሻው፣ ማለትም ከባርነት ነፃ መውጣታቸውና ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መመለሳቸው ናቸው። ጽሑፉ ግን ተስፋቸው በይበልጥ የሚታየው በሁለቱ መካከል ባሉት 34 ዓመታት እንደሆነ ያመለክታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሩሙ እስከ ምፅዋ

አናሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። አባታቸውን በሕፃንነታቸው አጡ፤ በ1869 ደግሞ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ በስምንት ሰዎች እጅ እንዳለፉ ይነገራል። በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ያወጧቸው በዚያ ወደብ የፈረንሳይ ቆንስላ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ሲሆኑ፣ ልጁን በአካባቢው ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስረከቡ።

በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ መጋቢት 31 ቀን 1872 ተጠመቁ። የክርስትና ስማቸው በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። በመጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና የሸሸ ባሪያ ነበር፤ ጳውሎስም እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለፊልሞና በመጻፍ መልሶ ሰደደው። ስለዚህ ስሙ ነፃነትን ብቻ ሳይሆን መመለስንም ያዘለ ነው። የቀድሞው ስማቸውም ልብ ሊባል ይገባል። ሂካ ከሚለው ስም ጋር የተያያዘው የኦሮምኛ ግሥ፣ እንደ አማርኛው «ፈታ»፣ እስራትን መፍታትንም ቃልን መተርጎምንም ያመለክታል። በኋላ የኖሩት ሕይወት ሁለቱንም ስሞች የሚያብራራ ሆነ።

የተዘጉ መንገዶች

አናሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 በስቶክሆልም አቅራቢያ ይገኝ በነበረው በዮሐነሉንድ የሚሲዮን ተቋም ተማሩ። ወደ ምፅዋ እንደተመለሱ ምሕረት ኃይሉን አግብተው ወደ ኦሮሞ ምድር ለሚደረገው ጉዞ ተዘጋጁ። የመጀመሪያው ሙከራ በሱዳን በኩል ነበር። መንገደኞቹ አሶሳ አካባቢ ከደረሱ በኋላ ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደዱ፤ በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲገቡም የማህዲ እንቅስቃሴ አገሩን ማናወጥ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛው ሙከራ በሸዋ በኩል ተደርጎ በ1886 እንጦጦ ላይ ተገታ። ወደ ኦሮሞ ምድር የሚያሻግር ፈቃድ ስላልተገኘ አናሲሞስ እንደገና ወደ ምፅዋ ተመለሱ።

እነዚህ ሁለት ሙከራዎች ለያዝነው ጥያቄ ወሳኝ ናቸው። እምነት መሰናክልን ሁሉ ያስወግዳል በሚል መለኪያ ከታዩ የሚመዘገቡት እንደ ሽንፈት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ንባብ ይጠይቃል።

በእምኩሉ የተሠራው ሥራ

አናሲሞስ በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ሆነው፣ ሊደርሱበት ላልቻሉት ሕዝብ መጻሕፍት ማዘጋጀት ጀመሩ። የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ በ1887 ታተመ፤ የሐዲስ ኪዳን ትርጉም በ1893 በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅድስት ክሪሾና ታተመ። ከእርሳቸው በፊት ክራፕፍና ረዳቶቻቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን ወደ ኦሮምኛ መልሰው ነበር፤ ሙሉውን መጽሐፍ ለፍጻሜ ያበቃው ግን የእምኩሉ ሥራ ነው።

ሥራው የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። አናሲሞስ በልጅነታቸው ከአገራቸው ስለተነጠቁ የቋንቋ ዕውቀታቸው ለእንዲህ ያለ ሥራ አይበቃም ነበር። ይህን ጉድለት ከሞሉት መካከል ዋነኛዋ አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር ለሽያጭ ወደ ዓረብ ምድር በጀልባ ሲወሰዱ በ1886 በኢጣሊያ የባሕር ኃይል ነፃ ወጥተው ወደ እምኩሉ የመጡ ናቸው። ለትርጉሙ የሚያገለግል የቃላት ስብስብ አዘጋጁ፤ በቃል የሚያስታውሷቸውን ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖችም በብዛት ጻፉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሁለቱ በጋራ ባዘጋጁትና በ1894 በታተመው የንባብ መማሪያ ውስጥ ገብተዋል።

እዚህ ላይ የተስፋው ጠባይ ይገለጣል። የባሪያ ንግድ ሰዎችን ከአገራቸው፣ ቋንቋንም ከተናጋሪዎቹ ነጥሎ በትኖ ነበር። በእምኩሉ የተሰበሰቡት ነፃ የወጡ ሰዎች የተበተነውን ቃል ከየትዝታቸው እየለቀሙ መጽሐፍ አደረጉት። ሥራው በስዊድናውያን ገንዘብና በኢጣሊያ ቁጥጥር ሥር በዋለ ወደብ መከናወኑ አይካድም። ይህ ግን የሥራውን ባለቤትነት ከተርጓሚዎቹ አይወስድም።

ወደ ወለጋ መመለስ

በ1904 አናሲሞስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወለጋ ገቡ። በመጀመሪያ በቦጂ፣ ቀጥሎም በነቀምት ተቀመጡ፤ የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) ተቀበሏቸው። በኦሮምኛ መስበካቸውና ማስተማራቸው አድማጭ ቢያስገኝላቸውም ከአካባቢው ካህናት ተቃውሞ አስነሣ። ለእመቤታችን የሚገባውን ክብር ነፍገዋል ተብለው ተከሰሱና በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲጋዙም ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ቢፈቅዱም ስብከት ከለከሏቸው።

ከብዙ ዓመታት ጥበቃ በኋላ የተገኘው አገር እንደገና ዝምታን አዘዘባቸው። አናሲሞስ ለጊዜው በማስተማር ተወሰኑ። የመጋዝ ሥጋት ሳይርቅ ዐሥር ዓመት አለፈ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ ስላልተሻረ፣ አናሲሞስ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሰኔ 21 ቀን 1931 ድረስ መስበካቸውንና መጻሕፍቱን ማሠራጨታቸውን ቀጠሉ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የእምነት ድል ትርጉም ጠባብ ቢመስልም ጽኑ ነው። አናሲሞስ የባሪያን ንግድ አላስቀሩም፤ የተዘጋባቸውን መንገድ በራሳቸው ኃይል አልከፈቱም፤ የተጣለባቸውንም ክልከላ አላስነሡም። መከራው በሰዓቱ አልተወገደም። ድሉ መከራው የሥራቸውን አቅጣጫ እንዲወስን አለመፍቀዳቸው ነው። መንገዱ ሲከለከል ተረጎሙ፤ ስብከቱ ሲከለከል አስተማሩ። ስለዚህ የክርስቲያናዊ ተስፋን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ከነፃ መውጣትና ከስኬት ዕለታት ይልቅ ምንም ያልተፈጸመባቸው የሚመስሉትን የጥበቃ ዓመታት በጥንቃቄ ሊመረምር ይገባዋል። አናሲሞስ በ1904 ወለጋ ሲገቡ ለሕዝባቸው የያዙት መጽሐፍ የተዘጋጀው በእነዚያ ዓመታት ነበርና።