ከአቡነ ጴጥሮስ የተፈለገው ቃል

አቡነ ጴጥሮስን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በታክሲ መውረጃ ስም ነው ብል አላፍርም። ረዳቱ ጴጥሮስ ወራጅ እያለ ሲጣራ ሐውልቱን በመስኮት አየት አድርጌ አልፍ ነበር። ሐውልቱ ለባቡር ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ እስከ 2008 ብሔራዊ ሙዚየም በቆየበት ጊዜም ስሙ ከታክሲዎቹ አፍ አልጠፋም። በኋላ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ካነበብኩ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። ጣሊያን ጠመንጃ ካልያዙ አንድ መነኩሴ ምን ፈልጎ ነው?

አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ ፍቼ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ጠንቅቀው መምህር ሆኑ፣ በደብረ ሊባኖስ መነኮሱ። ይህን በአጭሩ ያለፍኩት ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁት ከ1921 ዓ.ም. ስለሆነ ነው።

ከአባ ሰላማ ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበር። አገሩ በሊቃውንት ተሞልቶ እያለ ቄስ የሚሾም አገር በቀል ጳጳስ ግን አልነበረም (እኔ ይህን ሳነብ አላመንኩም ነበር)። ከብዙ ድርድር በኋላ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግብፅ ሄደው ጵጵስና ተቀበሉ። እነሱም ጴጥሮስ፣ ሚካኤል፣ አብርሃምና ይስሐቅ ነበሩ። ጳጳስ ደግሞ መሾም ብቻ ሳይሆን ማውገዝም ይችላል። ያወገዘውን ሰው የሚቀርበው የለም፣ ሲሞትም ፍትሐት አይደረግለትም። በዚያ ዘመን ለነበረ አርበኛ ይህ ከጥይት ቢብስ እንጂ አያንስም።

ጦርነቱ ሲመጣ አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር እስከ ማይጨው ዘመቱ። ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው አርበኞቹን ያበረታቱ ጀመር። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣ ከሰላሌ፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም በሌላ አቅጣጫ ሆነው አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ተነሡ፤ አቡኑም ከአበራ ጦር ጋር መጡ። ነገሩ ግን በክረምት እኮ ነው! ወንዞች ሞልተዋል፣ አንዱ ጦር ከሌላው ጋር የሚገናኝበት መሣሪያ የለም። ከፊሉ ከተማዋ ድረስ ቢገባም ተመታ። አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ።

ችሎቱ ከአንድ ቀን አላለፈም። የተጠየቁት ቀላል ይመስላል፤ የጣሊያንን መንግሥት እንዲቀበሉ፣ አርበኞቹንም ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ። በቦታው ከነበረው ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ተያይዞ እንደሚተረከው፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ እንኳ ገብተው እርስዎ ለምን ያምፃሉ ተብለው ነበር። እሳቸውም ቄርሎስ ግብፃዊ ናቸው፣ እኔ ግን ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ስለ ሕዝቤም ኃላፊነት አለብኝ የሚል መልስ ሰጡ። እንግዲህ የ1921ዱ ሹመት ትርጉም እዚህ ላይ ነው የታየኝ። ጣሊያን የፈለገው ሬሳቸውን ሳይሆን ቃላቸውን ነበር። እሳቸው ደግሞ ያንኑ ቃል ገልብጠው ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትገዛለት ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ።

አንዳንድ ጊዜ ስለ ሰማዕት ሲወራ ሞትን የናቀ፣ ፍርሃት የማያውቅ ሰው ተደርጎ ይቀርባል። ፈርተው ይሆን አይሆን እኔ አላውቅም፤ ለእኔ ግን የሚከብደኝ ሌላ ነው። በአንዲት ቃል መዳን ሲቻል፣ ያችን ቃል አለማለት።

ለማነጻጸር የቀሩትን ማየት ይበቃል። አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። በ1930 ዓ.ም. ግን ጣሊያን የፈለገውን ጳጳስ አገኘ። አቡነ አብርሃም በጣሊያን ድጋፍ ሊቀ ጳጳስ ተባሉ፤ ቤተ ክርስቲያኗም ከእስክንድርያ ተለየች ተባለ፣ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። እሳቸው አርጅተው ዓይናቸውም ጠፍቶ ስለነበር ለመፍረድ አልቸኩልም። ያም ሆኖ ከጴጥሮስ ጋር አብረው የተቀቡ ሰው ነበሩ።