ጩኸትን የገራው ሰው፤ የሃሮልድ ብላክ የሕይወት ታሪክ

የሕይወት ታሪክ የሚጻፍላቸው ብዙውን ጊዜ ነገሥታት፥ የጦር አዝማቾችና ደራስያን ናቸው። በዚህ እትም የምናነሣው ሰው ግን ስሙ የተጠራው ማጉያ የሚባለውን መሣሪያ በማረሙ ነው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን ስለ መሐንዲስ መጻፋችን የሚያስደንቀው አንባቢ ቢኖር፥ ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት ሲጓዝ የቆሙትን የስልክ ማማዎች ይመልከት። የቡና ነጋዴው የዕለቱን ዋጋ ከአዲስ አበባ የሚሰማው በእነርሱ አማካይነት ነው፤ አንድ ቁጥር ተዛብቶ ቢደርሰው የክረምት ከበጋ ልፋቱ በአንድ ቀን ይጠፋል። በማማዎቹ ዘንድ ደካማውን ሞገድ የሚያበረታ የትራንዚስተር ማጉያ አለ። ማጉያ ሳያዛባ እንዲያጎላ መንገዱን የጠረገው ሃሮልድ ስቲፈን ብላክ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ብላክ በ1898 በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ሌሚንስተር በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1921 ከዉስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተመርቆ በኒው ዮርክ በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የምርምር ክፍል ተቀጠረ፤ ክፍሉም በ1925 የቤል ቴሌፎን ላቦራቶሪ ሆነ። ኩባንያው በዚያ ዘመን ያስጨነቀው ነገር የረጅም ርቀት ስልክ ነበረ። ድምፅ በሽቦ ርቆ ሲሄድ ስለሚደክም በየመንገዱ ማጉያ ይደረግለታል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ማጉያ ሲያጎላ ጥቂት ያዛባል። ቡና ከገበሬው እስከ ላኪው ባለፈበት እጅ ሁሉ ጥቂት ገለባ ቢጨመርበት መጨረሻ ላይ ምን እንደሚመስል የጅማ ሰው ያውቀዋል፤ የስልኩም ነገር እንደዚሁ ነበረ።

ብላክ በ1923 አንድ ዘዴ አሰበ። ይኸውም ከማጉያው የወጣውን ከገባው ጋር አነጻጽሮ፥ የተጨመረውን ስሕተት ብቻ ለይቶ፥ በሁለተኛ ማጉያ አጉልቶ ከመጨረሻው ድምፅ መቀነስ ነው። ዘዴው ሠራ፤ ነገር ግን በየጊዜው ካልተስተካከለ ሚዛኑ ይፋለስ ስለ ነበረ ፈጣሪውን አላረካውም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ደከመ። በኦገስት 2 ቀን 1927 ጧት በመርከብ የሐድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሥራው ሲሄድ መልሱ በድንገት መጣለት፤ በያዘውም ጋዜጣ ባዶ ገጽ ላይ ሥዕሉንና ስሌቱን ጻፈ። አሳቡ ከወጣው ድምፅ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ ነበረ። እንዲህ ሲደረግ የማጉላቱ ኃይል ይቀንሳል፤ መዛባቱም አብሮ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 29 ቀን በተደረገው ፈተና መዛባቱ 100,000 ጊዜ ያህል አነሰ።

ማመን ግን ለብዙዎች ከባድ ሆነ። የሙያው ሰዎች ሁሉ ኃይል ለመጨመር ሲታገሉ፥ አንድ ወጣት የተገኘውን ኃይል በፈቃዱ ጣለ። በ1928 የጠየቀው የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1937 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። የእንግሊዝ መሥሪያ ቤትም ጥያቄውን ያለ ነዳጅ ለዘላለም እሠራለሁ እንደሚል መኪና ቈጠረው።

በእርግጥ አንድ ተገቢ ሥጋት ነበረ። በሠርግ ወይም በስብሰባ አዳራሽ ሞንታርቦ ሲጮኽ ያልሰማ የለም። የሞንታርቦው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ይጎላል፤ መጨረሻው ፉጨት ነው። የብላክም ማጉያ እንዲሁ ሊሆን ይችላል፤ ለማረም የተመለሰው ድምፅ ከዘገየ ወደ ማባባስ ይለወጣልና። የማዘግየቱ ልክ የት ድረስ እንደሚፈቀድ በ1932 በስሌት ያሳየው የሥራ ባልደረባው፥ የስዊድን ተወላጁ ሃሪ ናይኲስት ነው። ብላክም በ1934 ስለ ተረጋጋው ማጉያ ጽሑፉን አወጣ።

ትራንዚስተር በ1947 በዚያው ላቦራቶሪ ከተፈጠረ በኋላ ችግሩ ጠበቀ። በሴኮንድ 900 ሚሊዮን ጊዜ በሚወዛወዝ የስልክ ሞገድ፥ እርማቱ ወደ ጥፋት ለመለወጥ የሚበቃው መዘግየት ብርሃን 17 ሳንቲ ሜትር የሚሄድበት ጊዜ ብቻ ነው። በትራንዚስተሩ ውስጥ ከመውጫው ወደ መግቢያው ሾልኮ የሚመለስ ጥቂት ኃይልም ማንም ሳያዝዘው ማጉያውን ያስጮኸዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ በመግቢያው ትንሽ መከላከያ ያገባል፤ ሽቦውን ያሳጥራል፤ ከኃይሉም ጥቂት ይተዋል። የሚያዛባ ማጉያ ወደ ጎረቤት ሞገድ ፈስሶ የሌላውን ሰው ንግግር ያበላሻልና። ደግሞም የሚያስደንቀው፥ ብላክ በ1923 አስቦ የተወው የመጀመሪያው ዘዴ፥ ተመልሶ የሚዘገይ ነገር ስለሌለበት፥ ከብዙ ዓመት በኋላ በስልክ ማማ ማጉያዎች ሥራ ላይ መዋሉ ነው።

ብላክ በ1963 ከላቦራቶሪው ጡረታ ወጣ፤ በዲሴምበር 1983 በ85 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በቺካጎ ከተማ የመጀመሪያው የአሜሪካ የእጅ ስልክ ንግድ ተከፍቶ ነበረ።

እኛ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ለመሐንዲሶች ብቻ የሚሆን አይደለም። ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሁሉ፥ ማኅበርም ቢሆን መምህርም ቢሆን፥ የተናገረው እንዴት ሆኖ እንደ ወጣ መልሶ መስማት ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ከኃይሉ ጥቂት መክፈል አለበት። እርማቱም በጊዜው ይድረስ፤ የዘገየ ወቀሳ ጩኸት ከመጨመር በቀር ፍሬ የለውምና።