ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ዘግይቶ የተጀመረ ሩጫ

በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ሯጭ መጻፍ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንደመሆኔ ከጎጥ ጎጥ ስዘዋወር ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ። አዲስ ዘር ወይም አዲስ አሠራር ሲቀርብላቸው አንዳንድ አርሶ አደሮች ጊዜው እንዳለፈባቸው ይነግሩኛል። እኔም ዕድሜዬ 28 ነው፤ አንዳንድ ቀን ይኸው ሐሳብ ያድርብኛል። የአበበ ቢቂላን ሕይወት ማንሳት የፈለግሁት ለዚህ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ። በ1940ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ክቡር ዘበኛ ገባ። የተቀጠረው ለውትድርና እንጂ ለሩጫ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በሩጫ ስሙ የገነነው ዋሚ ቢራቱ ነበር።

ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ወታደሮቹን ሲያሠለጥኑ አበበን ለዩት። በሠራዊቱ ውድድሮች ላይ ይሳተፍ እንጂ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውን ማራቶን ገና አልሞከረውም ነበር። የመጀመሪያውን ማራቶን አዲስ አበባ ላይ የሮጠው በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ 28 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። አሸነፈም። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ይዞት ከነበረው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ ያውም በአዲስ አበባ ስስ አየር። አበበ በውስጡ ያለውን ጉልበት ሰዓቱ መሰከረለት።

በዚያው ክረምት ማብቂያ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. እኛ አገር የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሆኖ ችቦ ሲበራ፣ ሮም ላይ የኦሎምፒኩ ማራቶን ተካሄደ። አበበ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጠ። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻው አካባቢ አልተለየውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአገራችን ወስዳ ሮም ያቆመችው የአክሱም ሐውልት ዘንድ ሲደርሱ አበበ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አሻሻለ፤ ለጥቁር አፍሪካም የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አስገኘ። ሐውልቱ ራሱ ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በድጋሚ ሮጠ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፎ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን አሞት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ድሉን ጓዱ ማሞ ወልዴ ተረከበ።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። ሰው ሁሉ አበቃለት ባለ ጊዜ እርሱ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ጀመረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ተቀምጠው በሚንሸራተቱበት መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ በማያውቅ አገር ላደገ ሰው ይህም ሌላ የመጀመሪያ ውድድር ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ወደ ሜዳችን ልመለስ። የርብና የጉማራ ውሃ የሚተኛበት የፎገራ መሬት ለግጦሽ ካልሆነ ለሌላ ብዙም አይጠቅምም ይባል ነበር፤ በ1970ዎቹ ሩዝ ተሞክሮ እስኪዘራበት ድረስ። መሬቱ ያው መሬት፣ ውሃውም ያው ውሃ ነው፤ የጎደለው የሞከረው ሰው ነበር።

እኔ በመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ ያዘጋጀሁትን ሠርቶ ማሳያ ጎርፍ በላው፤ በሁለተኛው ዓመት ማሳውን የሚፈቅድልኝ አጥቼ ሥራውን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። በመጨረሻ አንድ አዛውንት የማሳቸውን ጥግ ሰጡኝ፤ ሩዙም ያዘ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ማሳህን ሁሉ ባትችል ጥጉን ሞክር። መልካም የምሥረታ በዓል!